የውስጥን ሕመም ለሐኪም መናገር ያሳፍራልን?

አንባቢ ሆይ፥ ጥርስህ ሌሊቱን ሁሉ ሲጠዘጥዝህ ቢያድር ማለዳ ተነሥተህ ወደ ጥርስ ሐኪም ትሄዳለህ። ጎረቤትህም በመንገድ አግኝቶ «ወዴት ትሄዳለህ?» ቢልህ ጉንጭህን እንደ ያዝህ ሳታፍር ትነግረዋለህ፤ እርሱም «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎህ ያልፋል። ሆድህን ቢቈርጥህ፥ እግርህ ቢወለም፥ ዓይንህን ቢጋርድህ ነገሩ እንዲሁ ነው።

ዳሩ ግን እንቅልፍ ካጣህ ሦስት ወር ቢሆንህ፥ ቀድሞ ደስ ያሰኝህ የነበረው ሥራና ጨዋታ ሁሉ እንደ ዐመድ ቢሆንብህ፥ ያለ አንዳች ምክንያት ልብህ እየመታ ላብ ቢያጠምቅህ፥ መጽሐፍ ገልጠህ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ አንብበህ ምንም ባይገባህ፥ ይህን ለማን ትነግራለህ? ወደ ሐኪም ለመሄድ ብትነሣ ስንኳ፥ ያው ጎረቤትህ በመንገድ ቢጠይቅህ «እዚህ ቅርብ ነው» ብለህ ታልፈዋለህ እንጂ የምትሄድበትን አትነግረውም። ከዚያም ይልቅ ብዙ ሰው ፈጽሞ አይነሣም፤ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይቀመጣል።

ይህ «ሆድ ይፍጀው» የሚባለው ቃል በአገራችን እንደ ትልቅ ምግባር ይቈጠራል። የባልንጀራህን ምስጢር ጠብቀህ ብትይዝ፥ የሰማኸውን ክፉ ወሬ ለሌላ ባታወራ፥ በእውነት ምግባር ነው። ነገር ግን ይኸው ሕዝብ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብሎም ይተርታል። እንግዲህ ሁለቱን ቃል አንድ አፍ ሲናገራቸው፥ ስለ ሥጋ ሕመም ሁለተኛውን፥ ስለ ውስጥ ሕመም ግን ፊተኛውን ብቻ የምንመርጥ ስለ ምንድር ነው?

ይህን የምጽፍልህ እኔ ራሴ ከዚህ በደል ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የእኅቴ ልጅ በዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ለዕረፍት ወደ ቤት መጣ። ከስቶ፥ ድምፁም አንሶ፥ ቀኑን ሁሉ ተጋድሞ ይውል ነበር። እናቱም «ትምህርት ነው ያደከመው» እያለች ገንፎ ታበላው ነበር። አንድ ማታ እርስዋ ከተኛች በኋላ ወደ እኔ ቀረበና፥ «ጋሼ፥ ውስጤ ጨልሟል፤ በትምህርት ቤታችን የሚያማክር ባለሙያ አለ ይላሉ፤ ልሂድን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፥ «አንተ ወንድ ልጅ አይደለህምን? በርታ እንጂ። ደግሞም ለእኅትህ ሽማግሌ ተልኮ ሳለ እንዲህ ያለ ወሬ ከቤታችን አይውጣ» አልሁት። እርሱም ታላቁን የሚያከብር ልጅ ነውና ታዘዘኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ለማንም ሳይናገር ቈየ፤ ትምህርቱንም አቋረጠ። በፊተኛው ዓመት በኳስ ጨዋታ ክንዱ በተሰበረ ጊዜ ግን በዚያው ሌሊት በታክሲ አሳፍሬ ወደ ሐኪም ቤት ያደረስሁት እኔው ነበርሁ። በመንገድም ላገኘሁት ሁሉ «ልጁ ክንዱ ተሰብሮበት» እያልሁ አወራሁ። ስለ ሁለተኛው ስብራት ግን አፉን ያዘጋሁት እኔ ነኝ።

ያን ማታ ያናገረኝ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ማለት ሰው ምን ይለኛል ማለት ነው፤ መልካምም ክፉም ያሠራል። ሌባውን ከመስረቅ፥ ሰካራሙን በአደባባይ ከመሳደብ ይከለክላል። ነገር ግን ታማሚውን ከመድኃኒቱ ሲከለክለው ያን ጊዜ ገዳይ ይሆናል። የውስጥ ሕመም ይሉኝታም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስም ነው። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን ተመሥርቶ ለብዙ ዓመታት በአገራችን ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ብቸኛ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ስለዚህ የቦታው ስም በከተማ ሰው አፍ መሳለቂያ ሆነ፤ ሰው ከባልንጀራው ጋር ሲጣላ ወይም ሲቀልድ «አማኑኤል ውሰዱት» ይላል። አማኑኤል የሚለው ስም ግን ፍችው ምን እንደ ሆነ ከሚቀልዱት መካከል የማያውቅ የለም። ከስም ሁሉ የሚያጽናናውን ስም ወስደን ስድብ አደረግነው፤ ይህን ሳስብ እጅግ ይደንቀኛል።

በዚያ ስም ምክንያት ሕዝቡ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ያለ ይመስለዋል፤ ጤነኛና ጨርቁን የጣለ። በመካከል ግን ብዙ ሰው አለ። ልጅዋን ቀብራ ዓመት ካለፈ በኋላ ከአልጋ መነሣት ያቃታት እናት አለች። ፈተና በደረሰ ቍጥር እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ፥ የመኪና አደጋ አይቶ ከዚያ ወዲህ መሪ መያዝ የማይችል ሾፌር፥ ወልዳ ሕፃንዋን ስታይ የምታለቅስ አራስ አለች። እነዚህ እብዶች አይደሉም፤ እብድ የሚባለውም ቢሆን በሽተኛ ነው እንጂ የሚሰደብ አይደለም። በአገራችንም ሕክምናው ዛሬ በአንድ ግቢ ብቻ የታጠረ አይደለም። በ1987 ነርሶች ለአእምሮ ሕክምና በአገር ውስጥ መሠልጠን ጀመሩ፤ በ2003ም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማስተማር ጀመረ። ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የሚሻ ሐኪም ወደ ውጭ አገር ይሄድ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምታገኛቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከስሙ በኋላ ደግሞ የዘር ነገር ይመጣል። ሽማግሌ ተልኮ ጋብቻ ሲታሰብ ከሁለቱ ወገን ዘር ይጣራል፤ «በቤታቸው የታመመ አለ» የተባለ እንደ ሆነ ነገሩ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሕመሙ የአንድ ሰው ሳለ ኀፍረቱ የቤቱ ሁሉ ይሆናል። በቡታጅራ አካባቢ በጽኑ የአእምሮ ሕመም የታመሙ ሰዎችን ዘመዶች ጠይቀው ሊቃውንት በ2001 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከተጠየቁት 178 ሰዎች ከመቶው 75ቱ በዘመዳቸው ሕመም ምክንያት ሰው እንደሚያገልላቸው ተናገሩ፤ ከመቶው 37ቱም ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ እንደሚሹ ገለጡ። እኔም በእኅቴ ቤት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

ይህ ፍርሀት ፈጽሞ ባዶ ነው ብዬ ልዋሽህ አልወድም። በ1972 በአሜሪካ የሚዙሪ ሴናተር የነበረው ቶማስ ኢግልተን ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ታጭቶ ሳለ፥ ቀድሞ በድባቴ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ እንደ ታከመ ተሰማ። ይህንንም ላጨው ሰው አስቀድሞ አልነገረውም ነበር። ጋዜጣው ሁሉ ጮኸበት፤ በ18ኛው ቀን ከዕጩነት ወረደ። ነገር ግን የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል የሚያወራ ጥቂት ነው። የሚዙሪ ሰዎች ሕመሙን ካወቁ በኋላ በ1974ም በ1980ም መልሰው መረጡት፤ እስከ 1987 ድረስም በሴናተርነት አገለገለ። ሥራውን በቅርብ የሚያዩ ሰዎች ከወሬው ይልቅ ሥራውን መዘኑ።

አሁን ደግሞ ይህ በንግግር የሚደረግ ሕክምና ምን እንደ ሆነ ልንገርህ፤ ሰው የማያውቀውን ነገር ይልቁን ይፈራልና። ከ1880 እስከ 1882 በቪየና ከተማ ዮሴፍ ብሮየር የሚባል ሐኪም አንዲት ወጣት ያክም ነበር። እርስዋ አባትዋን ስታስታምም ታመመች፤ ሰውነትዋ ይደነዝዝ፥ አንዳንድ ጊዜም የአገርዋን ቋንቋ መናገር ያቅታት ነበር። በውስጥዋ ያለውን ለሐኪሙ ስትተርክ ግን ቀለል ይላት ነበርና፥ ይህን ነገር እርስዋው ራስዋ «የንግግር ፈውስ» አለችው፤ ስትቀልድም «የጭስ መውጫ መጥረግ» ትለው ነበር። ብሮየርና ባልንጀራው ዚግመንድ ፍሮይድ በ1895 ታሪክዋን በመጽሐፍ ሲያሳትሙ ስምዋን ሸሽገው «አና ኦ.» አሏት። እውነተኛ ስምዋ በርታ ፓፐንሃይም እንደ ሆነ የታተመው በ1953 ነው፤ እርስዋ ከሞተች 17 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ያ ሕክምና ወዲያው አላዳናትም፤ ከዚያ በኋላም በሕሙማን ማረፊያ ቤቶች ደጋግማ ገብታለች። ይህን የምነግርህ በሁለት ቀን ንግግር ሁሉ ይስተካከላል ብለህ እንዳትሄድ ነው። ዳሩ ግን ያች ሴት ኋላ ተነሥታ በጀርመን አገር የአይሁድ ሴቶችን ማኅበር በ1904 መሠረተች፤ ለዝሙት የሚሸጡትን ልጃገረዶች ለማዳን ደከመች፤ መጠጊያ ላጡ ሴቶችና ልጆችም ቤት ከፈተች። በስምዋ ቢያፍሩላት ኖሮ የሚያፍሩበት ነገር ምን እንደ ሆነ እኔ አላውቅም።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ሕክምናው ብዙ ተለውጧል። ዛሬ ብትሄድ የምታገኘው ወንበርና ጠረጴዛ፥ ከፊትህም የሚቀመጥ የተማረ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፥ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ትገናኛላችሁ፤ ይህም ለተወሰኑ ሳምንታት ይቀጥላል። መቼ እንደ ጀመረህ፥ እንቅልፍህና ምግብህ እንዴት እንደ ሆነ፥ በቤትህ ምን እንዳለ ይጠይቅሃል። ብልህ ባለሙያ አስቀድሞ ሥጋህን እንድትመረመር ይልክሃል፤ በአንገት ያለው ዕጢ ሥራው ሲያንስ ብቻ ሰውን የሚያሳዝንና የሚያደክም ነውና። ሕመሙ የጸና እንደ ሆነም መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ያስፈልግሃል፤ ንግግሩና መድኃኒቱ አብረው ይሄዳሉ።

ባለሙያው ምክር ብቻ ሰጥቶ አይሰድህም። አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስተማረው መንገድ አለ። ለምሳሌ አንድ ተማሪ በአንድ ፈተና ቢወድቅ፥ «እኔ የማልረባ ሰው ነኝ፥ ከእንግዲህ ምንም አይሳካልኝም» የሚል ሐሳብ ሳያስበው በልቡ ይሮጣል። ባለሙያው ይህን ሐሳብ በወረቀት አስጽፎ፥ እንደ ዳኛ ማስረጃውን ያስቈጥረዋል። የወደቀው በስንት ፈተና ነው? ያለፈውስ በስንት ነው? ባልንጀራው እንዲህ ቢወድቅ እርሱ የማይረባ ይለው ነበርን? ደግሞም ለሳምንቱ ትንሽ የቤት ሥራ ይሰጠዋል፤ በማለዳ ተነሥቶ አንድ ኪሎ ሜትር እንዲሄድ፥ የሸሸውን ወዳጁን አንድ ጊዜ እንዲጠይቅ ያዘዋል። በዚህ ውስጥ የሚያሳፍረው የትኛው ነው?

«ምስጢሬ ይወጣል» ብለህ ትፈራ እንደ ሆነ፥ ባለሙያው የሰማውን ላለማውጣት በሙያው ሕግ የታሰረ ነው። ራስህን ወይም ሌላውን ሰው ለመግደል የተቃረብህ እንደ ሆነ ግን ሕይወትን ለማዳን ለሌላ ሊነግር ይችላል፤ ይህንም በመጀመሪያው ቀን ጠይቀው። ስለ ትምህርቱና ስለ ፈቃዱም ጠይቀው፤ መልካም ባለሙያ በዚህ አይቈጣም። ከአንዱ ጋር ልብህ ካልገጠመ ወደ ሌላው ሂድ፤ ጫማ ሠሪ እንደምትለውጥ ያኽል ነው።

ሌላው ደግሞ «ይህ የእምነት ማነስ ነው፤ የሚጸልይ ሰው እንዲህ አይሆንም» ይላል። ይህ ቃል በታመመ ሰው ላይ ሁለተኛ ሸክም ይጭንበታል፤ ሕመሙ ሳያንሰው ኃጢአተኛ ነህ ይባላልና። ነቢዩ ኤልያስን አስብ። ከትልቅ ድል በኋላ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ፥ ከክትክታው ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እምነት አንሶህ ነው ብሎ የገሠጸው ግን የለም፤ አስቀድሞ እንቅልፍና እንጎቻ ውኃም ተሰጠው፤ ይህም ሁለት ጊዜ ሆነ። ስለ ኃጢአትህ ወደ ነፍስ አባትህ የምትሄድ ከሆንህ ምስጢርህን ለሚጠብቅ ሰው ልብህን መክፈትን ከሕፃንነትህ ጀምረህ ለምደሃል፤ ስለ ሕመምህ ወደ ሐኪም ስትሄድ ይህን ልማድ ወደ ሌላ ደጅ ትወስደዋለህ እንጂ አዲስ ነገር አትጀምርም። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይተው።

ስለ ስምና ስለ ኀፍረት የነገርሁህን የሚያስረዳ አንድ ነገር በዚምባብዌ አገር ሆኗል። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አንዲት ወጣት ታማሚው ወደ ሆስፒታል ለመምጣት የመሣፈሪያ 15 ዶላር አጥታ ቀርታ ራስዋን ስለ ገደለች እጅግ ዐዘነ። ስለዚህ ሕክምናውን ወደ ሰፈር ለማውጣት አሰበ። በሐራሬ ከተማ ምባሬ በሚባል ሰፈር በ2006 ለ14 አሮጊቶች ሰውን መስማትንና ችግርን አንድ በአንድ ፈትቶ ማየትን አስተማራቸው፤ እነርሱም በጤና ጣቢያው ግቢ ከዛፍ ጥላ በታች በአግዳሚ ወንበር ይቀመጡ ጀመር። በመጀመሪያ «የአእምሮ ጤና ወንበር» ቢሉት ማንም ሊቀመጥበት አልወደደም። ኋላ በአሮጊቶቹ ምክር «የወዳጅነት ወንበር» አሉትና ሰዉ መጣ። እንጨቱ ያው ነበር፤ አሮጊቶቹም እነዚያው ነበሩ። የሚጠሩትም ሕመም በቋንቋቸው «ኩፉንጊሲሳ» ይባላል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው፤ የእኛም እናቶች ይህንኑ ቃል ይናገራሉ። በ2016 የታተመው ፈተናው እንዳሳየ፥ በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ከተከታተሉ በኋላ፥ በወንበሩ ከተቀመጡት መካከል በስድስተኛው ወር የድባቴ ምልክት የቀረባቸው ከመቶው 14 ያኽል ሲሆኑ፥ በተለመደው ሕክምና ከቈዩት መካከል ግን 50 ያኽል ነበሩ።

አንተ ጤነኛ ሆነህ ይህን የምታነብ እንደ ሆነ፥ ምናልባት በቤትህ እንደ እኅቴ ልጅ ያለ አንድ ሰው ይኖራል። ወደ አንተ ሲቀርብ «በርታ፥ ከአንተ የባሰ አለ» አትበለው፤ ከእርሱ የባሰ መኖሩን እርሱ ያውቃል፤ ስለዚህም ደግሞ ያፍራል። ዝም ብለህ ስማው። ሞትን ይመኝ እንደ ሆነም በግልጥ ጠይቀው፤ መጠየቅህ የሌለውን ሐሳብ አያሳድርበትም፥ ይልቁን ብቻውን የተሸከመውን ያቀልለታል። አዎን ካለህ በዚያ ሌሊት ብቻውን አትተወው፤ በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ሰዓት አብረኸው ወደ ሐኪም ቤት ሂድ። በሰው አገር የምትኖሩም ወገኖቻችን ሌላ ፍርሀት እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አስተርጓሚው የማኅበራችሁ ሰው ሆኖ ይገኛልና። አስተርጓሚም በምስጢር የታሰረ ነው፤ ቢሆንም ልባችሁ ካላረፈ በሌላ ከተማ ያለ በስልክ የሚያስተረጕም ሰው እንዲፈልጉላችሁ ለምኑ፤ ይህን መለመን ነውር የለበትም።

የእኅቴን ልጅ በመጨረሻ እኔው ራሴ ይዤው ሄድሁ። በመተላለፊያው ወንበር ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ጋዜጣዬን ከፍ አድርጌ ፊቴን ሸፍኜ ነበር። በሩ ተከፈተና ከውስጥ የወጣው በሰፈራችን የተከበረ፥ ከእኔ ጋር በአንድ ዕድር ያለ ሰው ሆኖ ተገኘ። እርሱም ደነገጠ፥ እኔም ደነገጥሁ። ጥቂት ከቆየን በኋላ ግን ባርኔጣውን አንሥቶ፥ «እንደምን አደሩ?» አለኝ፤ እኔም ጋዜጣውን አጥፌ ተነሥቼ ጨበጥሁት። ሌላ አልተነጋገርንም። ከዚያ ወዲህ በዕድር ስንገናኝ ጤንነቴን ከሌላው ሰው አብልጦ ይጠይቀኛል፤ እኔም እንዲሁ።

ልጁ ሲገባ ምን እንደሚል ጨንቆት ነበርና ማታውን ከደብተሩ አንድ ቅጠል ቀድዶ ግማሽ ገጽ ጽፎ ነበር። ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ቃል ከአፉ አልወጣ ቢለው ያን ወረቀት ለባለሙያዋ ሰጣት፤ እርስዋም ቀስ ብላ አንብባ፥ «ከየትኛው መስመር እንጀምር?» አለችው። አንተም ወይም አንቺ እኅቴ፥ አንደበታችሁ የተያዘ እንደ ሆነ እንዲሁ አድርጉ፤ ሦስት መስመር ይበቃል።